ባጃጇ ደንገጎን ትወጣለች ወይ?

ጥያቄው፦ «አቦ ሰላም ነው? ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። አንድ የቤንዚን ባጃጅ አለችኝ፤ የሚነዳት ታናሽ ወንድሜ ነው። እሷን ሸጬ የኤሌክትሪክ ልገዛ አስቤያለሁ። ሻጩ አንዴ ቻርጅ ካደረግሻት 120 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ ጣሪያዋ ላይ ሶላር ስላለ መሰካትም ላያስፈልግ ይችላል አለኝ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ትንሽ ጠብቂ፣ የሶዲየም ባትሪና ሃይድሮጅን እየመጣ ነው፣ አሁን የምትገዢው ነገ ያረጃል ይለኛል። አንዳንዴም ሐረር ዕቃ የምናደርስበት ቀን አለ። ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ትወጣለች? ማንን ልመን?»

እህቴ፣ ከመልሱ ልጀምርልሽ። የኤሌክትሪክ ባጃጅ ድሬ ላይ ይሠራል። ሻጩ በነገረሽ መንገድ ግን አይሠራም። የአጎትሽ ልጅም ግማሽ እውነት ይዟል። አዲስ ነገር እየመጣ ነው፤ ያንቺን ሥራ የሚያስቆም ግን አይደለም። ለምን እንዲህ እንዳልኩ በዝርዝር ልጻፍልሽ። ይህ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። የብዙ ሰው የዓመታት ቁጠባም በዚህ አንድ ውሳኔ ላይ ነው ያለው።

ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። እዚሁ ድሬ ሶላር እገጥማለሁ፣ ባትሪ እፈትሻለሁ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክልና ባጃጅ እጠግናለሁ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ይሄ ነገር ጥሩ ነው?» ብሎ ነው። ጥሩነቱ ብቻውን ግን ምንም አይነግረንም። ሌላ አገር ጥሩ የሆነ ዕቃ፣ ሰኔ ላይ፣ በቀትር፣ ከፊራ ገበያ መሀል ሦስት ሰው ጭኖ ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄውን እንቀይረው። «የወንድሜን የሥራ ቀን ይጨርስልኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ በወሬ አይገኝም። መለኪያው ኪሎዋት ሰዓት ነው።

ኪሎዋት ሰዓት ማለት የቤትሽ ቆጣሪ የሚቆጥረው ነገር ነው። የእንጀራ ምጣድሽ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ 3 ገደማ ይበላል። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ደግሞ ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት አለ። ባጃጅሽ በአንድ ሊትር 25 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል። ለአንድ ኪሎ ሜትር 360 ዋት ሰዓት ትፈጃለች ማለት ነው። አብዛኛው ግን ጎማውን አይገፋም። በሞተሩና በጭስ ማውጫው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ከተሳፋሪ ወንበር ሥር እግርሽን የሚያቃጥልሽ ሙቀት የከፈልሽበት ቤንዚን ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከተሰጠው ውስጥ አብዛኛውን ወደ ጎማ ያደርሳል። ለዚህ ነው ያችው ባጃጅ፣ ያንኑ ሰው ጭና፣ ከተማ ውስጥ 70 ዋት ሰዓት ገደማ የሚበቃት። አምስት እጥፍ ልዩነት ነው። የኤሌክትሪክ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

አሁን 120 ኪሎ ሜትሩ ከየት እንደመጣ እንይ። ለባጃጅ 60 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የተለመደ የባትሪ መጠን ነው። ሁለቱን ስታባዢ 6,000 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ያንን ለ120 ብታካፍዪው ለአንድ ኪሎ ሜትር 50 ዋት ሰዓት ይደርሰዋል። ይህ የሚሆነው ሾፌሩ ብቻውን፣ በሜዳ መንገድ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆም ሲሄድ ነው። በዚያ ላይ ባትሪው ጥርግ ብሎ እስኪያልቅ። የወንድምሽ ቀን እንደዚያ አይደለም። ሦስት ተሳፋሪ ይጭናል፣ በየመቶ ሜትሩ ይቆማል፣ ይነሳል። በ70 ዋት ሰዓት አስይው፤ 86 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ባትሪው እንዳይጎዳ 20 ከመቶ ማስቀረት አለበት። የቀረው 68 ኪሎ ሜትር ነው። ሻጩ ዋሸሽ አልልም። የፋብሪካውን ወረቀት አንብቦልሽ ይሆናል። አንቺ ግን ሂሳብሽን በ68 አስይ እንጂ በ120 አታስይ።

ከዚህ የሚቀጥለው ጥያቄ «ባትሪው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። እኔ ከባጃጇ ይልቅ ስለ ባትሪው ብዙ እጨነቃለሁ። የምትገዢው በዋናነት ባትሪ ነው፤ ጎማና ጣሪያው ተጨማሪ ነው።

ሁለት ዓይነት ይቀርብልሻል። አንደኛው የአሲድ ባትሪ ነው፤ ያው የመኪናው ዘመድ። ሁለተኛው ሊቲየም ነው። ከሊቲየምም ውስጥ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ፈልጊ። ወረቀቱ ላይ በምህጻር ኤል ኤፍ ፒ ተብሎ ይጻፋል። ይህኛው ከሌሎቹ ሊቲየሞች ይልቅ ሙቀትን ይችላል፣ እሳት የመያዝ ዕድሉም ያነሰ ነው። 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የአሲድ ባትሪ 170 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያንኑ የሚይዝ ኤል ኤፍ ፒ 50 ኪሎ አካባቢ ነው። ልዩነቱ ሁለት ተሳፋሪ ነው። በአሲድ ባትሪ የምትሄድ ባጃጅ ሁለት የማይከፍል ሰው ቀኑን ሙሉ ይዛ ትዞራለች ማለት ነው።

ዕድሜያቸውም አይገናኝም። የአሲድ ባትሪ በየቀኑ 20 ከመቶ እስኪቀረው ድረስ ከተጠቀምሽበት 400 ጊዜ ገደማ ሞልቶ ይጎድላል። 400ን በ68 አባዢው፤ 27,000 ኪሎ ሜትር ነው። ወንድምሽ በቀን 90 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ የአንድ ዓመት መንገድ ነው። ጥሩ ኤል ኤፍ ፒ 2,000 ጊዜና ከዚያ በላይ ይሠራል። ስለዚህ «የአሲዱ ርካሽ ነው» ሲሉሽ የእያንዳንዱን ዋጋ በሚሄደው ጠቅላላ ኪሎ ሜትር አካፍዪው። ርካሹ የቱ እንደሆነ ያኔ ይታይሻል።

እዚህ ላይ የድሬ ሙቀት ይገባል። ይህን ጉዳይ ሻጮች ሲያነሱት ሰምቼ አላውቅም። ባትሪ ልክ እንደ ወተት ነው፣ ሙቀት ያበላሸዋል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዕድሜ በ25 ዲግሪ የተለካ ነው። በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ግምት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የአሲድ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። ሊቲየምም ያረጃል፤ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ 35 ዲግሪን ስታልፍ የለመድነው ነው። በፀሐይ የቆመች ባጃጅ ወንበር ሥር ያለው ቆርቆሮ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ያ የአንድ ዓመት የአሲድ ባትሪ እዚህ ሰባት ስምንት ወር ላይ ሲደክም ካየሽ «ተጭበረበርኩ» አትበዪ፤ ሙቀቱ ነው። ሐረር ላይ ያው ባትሪ የተሻለ ይቆያል። ከፍታዋ ወደ 1,900 ሜትር ነው፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው።

መጭበርበርም አለ፣ እሱን ልንገርሽ። አንድ ጊዜ ለራሴ ቤት የባትሪ ስብስብ ገዛሁ። ላዩ ላይ 100 አምፔር ሰዓት ይላል። ገጥሜው ማታ ማታ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅብኝ ኃይል የሚበላ ዕቃ አስሬበት እስኪያልቅ አወረድኩትና ለካሁት። 61 ወጣ። ወደ ሸጠልኝ ሰው ስመለስ «ቻርጀርህ ነው» አለኝ። ሌላ ቻርጀር አምጥቼ ደገምኩት። ያው 61። ገንዘቤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ማንም ባትሪ ሳይለካ እንዲከፍል አልመክርም። ለካ ደግሞ መለካት ቀላል ነው፤ እንዴት እንደሆነ ወደ መጨረሻው እነግርሻለሁ።

ወደ ደንገጎ እንሂድ።

ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሀረማያ አካባቢ 2,000 ሜትር ይደርሳል። ቢያንስ 800 ሜትር ወደ ላይ ትነሻለሽ፤ ዳገቱም በአብዛኛው መጀመሪያው ላይ፣ እስከ ደንገጎ ድረስ ነው። ባጃጇ ከነሰውና ከነዕቃው 600 ኪሎ ብትመዝን፣ ያን ክብደት 800 ሜትር ለማንሳት ብቻ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ የትኛውም ፋብሪካ ሊቀንሰው አይችልም። ከዚያ የጎማና የነፋስ ግፊያ አለ። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በሞተርና በኮንትሮለር (ለሞተሩ የሚሄደውን ኃይል በሚቆጣጠረው ሳጥን) የሚባክነውን ስትጨምሪበት ሐረር ለመድረስ ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሄዳል።

6 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ኤል ኤፍ ፒ ሲነሳ ሙሉ ከሆነ ያደርስሻል። የአሲዱ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ብዙ ጉልበት በአንዴ ስትጠይቂው የሚሰጥሽ ጠቅላላ መጠን ይቀንሳል። ዳገት ማለት ደግሞ ብዙ ጉልበት በአንዴ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 6 የሚለው ደንገጎ ላይ 6 አይሆንም። ሀረማያን አልፎ አወዳይ ላይ ቆሞ የሚቀር ባጃጅ የሚገፋው ወንድምሽ ነው።

ደግሞ ባትሪው ቢበቃ እንኳ ሞተሩ አለ። ከመቶ ሜትር 7 ሜትር የሚነሳ ዳገት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ወደ 2.8 ኪሎዋት ያስፈልጋል። ብዙ ትንንሽ ባጃጆች ላይ የተጻፈው 1.5 ነው። ለአንድ ለሁለት ደቂቃ ከአቅሙ በላይ ይሠራል፤ ለግማሽ ሰዓት ግን አይችልም። ይግላል፣ ኮንትሮለሩ ራሱን ይቆርጣል፣ ወይም የሞተሩ ጥቅል ይቃጠላል። ሻጩን «ፒክ» የሚባለውን፣ ለአፍታ ብቻ የሚደርስበትን አቅም አትጠይቂው። ሳያቋርጥ የሚችለውን ጠይቂው። ሐረር ለምትሄድ ባጃጅ ያ ቁጥር 3 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ይሁን።

ቁልቁለቱም ይታሰብ። ስትወርጂ ሞተሩ ጄነሬተር ሆኖ ባትሪውን የሚሞላበት ዘዴ አለ፤ ባጃጇ ይህ ካላት ፍሬኑን ያግዛል። የሚመልሰው ጉልበት ትንሽ ነው። ዋናው ጥቅሙ ፍሬኑ እንዳይግል ነው። ሙሉ ባትሪ ግን ምንም መቀበል አይችልም። ስለዚህ ደንገጎ አፋፍ ላይ ሻይ እየጠጣችሁ ባትሪውን ሞልታችሁ አትውረዱ። ሐረር ላይ ሁለት ሰዓት ብትሰኩት ለመመለስ ይበቃል። የጫት መኪኖች በዚያ መንገድ እንዴት እንደሚበሩ ታውቂያለሽ። ፍሬን የማይታመን ነገር ይዛችሁ እዚያ አትግቡ፤ ይህን ከልቤ ነው የምልሽ። በጥቅሉ ግን ለእኔ የኤሌክትሪክ ባጃጅ የከተማ ሥራ ነው። ሐረር በወር አንድ ሁለቴ ከሆነ ዕቃውን በሌላ መኪና ላኪው።

ጣሪያው ላይ ስላለው ሶላር። የባጃጅ ጣሪያ ሁለት ካሬ ሜትር ገደማ ነው። 300 ዋት የሚሆን ፓነል ይችላል። የድሬ ፀሐይ ከምንም በላይ ሀብታችን ናት። ግን ባጃጅ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አትቆምም። ዛፍ ሥር ትቆማለች፣ ሕንፃ ይጋርዳታል። የቀዚራ ሰፈርን ጥላ ትቶ ፀሐይ ላይ የሚቆም ሾፌር የለም። ፓነሉም ሲግል ያመነጫል እንጂ እንደ ቀዝቃዛው አያመነጭም። ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 ከመቶ ይቀንሳል። ደህና የአራት ሰዓት ፀሐይ አገኘ እንበል። ብክነቱ ሲቀነስ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ይቀርሻል። 13 ኪሎ ሜትር ነው። አይናቅም፤ ግን «መሰካት አያስፈልግም» ማለት አይደለም። ላይትይር የሚባል የኔዘርላንድስ ኩባንያ 5 ካሬ ሜትር ሶላር የለበሰች መኪና ሠርቶ ነበር። በጥሩ ቀን ከፀሐይ ብቻ እስከ 70 ኪሎ ሜትር እንድትሄድ ታስባ የተሠራች ነች። ዋጋዋ 250,000 ዩሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ምርቷ ቆመ። ፀሐይዋ ጠፍታ አይደለም፤ በመኪና ጣሪያ የምትያዘው ፀሐይ ለዋጋው ስለማትመጥን ነው።

ያንኑ ፓነል የቤትሽ ጣሪያ ላይ አድርጊው። ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። 550 ዋት የሆኑ አራት ፓነሎች፣ ደህና ተገጥመው፣ በቀን 8 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይሰጡሻል። ወንድምሽ በቀን 90 ኪሎ ሜትር ከሄደ ከሶኬት የሚስበው 7.4 ገደማ ነው። በቃ። አቧራውን በየሳምንቱ ጥረጊ ብቻ። ችግሩ አንድ ነው። ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ባጃጇ ሥራ ላይ ናት።

እዚህ ላይ ግን የድሬ ኑሮ ራሱ ይረዳናል። ከ7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ከተማው ይተኛል። ምሳ ነው፣ ሙቀት ነው፣ በርጫ ነው። ተሳፋሪም የለም። በዚያ ሰዓት ወንድምሽ ቤት ገብቶ ባጃጇን ጥላ ሥር ቢሰካት፣ በሁለት ሰዓት ተኩል 3 ኪሎዋት ሰዓት ያገኛል። 40 ኪሎ ሜትር ጨመረ ማለት ነው። 68 እና 40 ሲደመር የቀኑን 90 ይሸፍናል። አዲስ አበባ ላይ ሾፌር ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ቢቆም ገቢው ይጎዳል። ድሬ ላይ ግን ድሮም ይቆማል። እኔ በዚህ ከተማ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ያዋጣል የምለው ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለው። ያ ሰዓት በጣም ሞቃቱ ሰዓት ነው። ሊቲየም ከ45 ዲግሪ በላይ ሆኖ ቻርጅ ባይደረግ ይመረጣል። ስለዚህ ከመንገድ እንደገባ ወዲያው አይሰካ። ወንበሩን ከፍቶ፣ ግማሽ ሰዓት አቀዝቅዞ፣ ከዚያ ይሰካው።

ሶላሩን ለማስገባት አሁን አቅም ከሌለሽ ችግር የለም። በመብራት ጀምሪ። ቻርጀሩ ከምጣድሽ ያነሰ ነው የሚስበው። ግን ሁለት ነገር እይ። የቤት ታሪፍ ፍጆታሽ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ደረጃ ይወጣል። ባጃጇ በወር 190 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትጨምርብሻለች። ስለዚህ አሁን በምትከፍይው ዋጋ አታስይው፤ በምትገቢበት ደረጃ አስይው። ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ይህ ሁሉ ተደምሮም፣ የቤንዚኑን ዋጋና በማደያ ሰልፍ የጠፋውን ሰዓት ስታስቢ፣ መብራቱ በብዙ ይቀንሳል። መብራት የሚጠፋበት ሌሊት ግን አለ። ለዚያ ቀን ሌላ መላ ይኑርሽ። የምትሸጫትን ባጃጅ ወዲያው አትሽጪያት፤ ሁለት ወር አብረው ይሥሩ።

እሳት ላይ አጥብቄ ልንገርሽ። በቀጭን ኤክስቴንሽን አትሰኪ። ለቻርጀሩ ብቻ የሚሆን መስመር፣ ብሬከርና ኧርዝ ያለው፣ በኤሌክትሪሻን አስገቢ። ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ በመውጫ በር አጠገብ፣ ልብስና ፍራሽ ባለበት ቻርጅ አይደረግም። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፣ አየር ይፈልጋል። የሊቲየም ባትሪ ካበጠ፣ ከወደቀ፣ ወይም ውኃ ከገባበት አትሰኪው። በክረምት የደቻቱ ወንዝ ውኃ ድንገት ይመጣል፤ የድሬ ሰው የሐምሌ 1998ን ጎርፍ አይረሳም። ውኃ የነካት ባጃጅ ሳትፈተሽ አትሰካ።

አሁን ወደ አጎትሽ ልጅ። «ጠብቂ» ለሚለው እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ያ የሚመጣው ነገር የት አገር፣ እንደኛ ባለ ሙቀት፣ እንዳንቺ ባለ ሥራ፣ ሦስት ዓመት ሠርቷል? ቤተ ሙከራ ውስጥ መሥራትና እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ተራ ገበያ መሥራት አንድ አይደለም። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ቴክኖሎጂን ከ1 እስከ 9 በደረጃ ይመዝናል። 1 ሐሳቡ ብቻ ሲኖር ነው። 9 በእውነተኛ ሥራ ላይ ውሎ ሲያስመሰክር ነው። በመገናኛ ብዙኃን የምንሰማው አብዛኛው 4 ወይም 5 ላይ ያለ ነው። እሱን ሰምቶ በ9 ላይ ያለውን መተው ኪሳራ ነው።

የሶዲየም ባትሪ ከምጠብቃቸው ሁሉ ደስ የሚለኝ ነው። በሊቲየም ፈንታ ከጨው ዘመድ ይሠራል፣ ጥሬ ዕቃው በየትም አለ። የቻይናው ባትሪ አምራች ካትል እ.ኤ.አ. በ2021 አስተዋውቆታል፤ መኪና ላይም መግጠም ተጀምሯል። ከሊቲየም ትንሽ ይከብዳል፤ ለባጃጅ ግን ያ ችግር አይደለም። ሆኖም ሶዲየም ሲሞላና ሲጎድል ቮልቱ በጣም ይለዋወጣል። ለሊቲየም የተሠራ ቻርጀርና ኮንትሮለር አይስማማውም። «የድሮውን አውጥተሽ ይህን ክተቺ» ካሉሽ እሺ አትበዪ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያሁኑ ባትሪሽ ሲያረጅ፣ ድሬ ላይ ዋስትና የሚሰጥና የሚጠግን ሰው ካለ፣ ያኔ ከነቻርጀሩ ትቀይሪዋለሽ። ባጃጇ አትጣልም። ሶሊድ ስቴት የሚባለው፣ በውስጡ ፈሳሽ የሌለው ባትሪ፣ መጀመሪያ ውድ መኪኖች ላይ ነው የሚመጣው፤ እሱን ለጊዜው እርሺው።

ሃይድሮጅን ለባጃጅ አይሆንም። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከውኃ ለማውጣት ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይበላል። ከዚያ በከፍተኛ ግፊት ይታመቃል። በመጨረሻ ወደ ኤሌክትሪክ ሲመለስ 16 ገደማ ታገኛለሽ። ያንን 55 ቀጥታ ባትሪ ውስጥ ብትከቺው ከ45 በላይ ይመለስልሻል። መብራት እየተቆራረጠ ባለበት ከተማ ሁለት ሦስተኛውን ለንፋስ የሚሰጥ ነገር አልመክርም። ሃይድሮጅን ቦታ አለው፤ ማዳበሪያ መሥራት ላይ፣ ብረት ማቅለጥ ላይ። ማዳበሪያችን ከጅቡቲ ወደብ በዚሁ በእኛ በኩል ነው የሚገባው። እሱን አገር ውስጥ መሥራት ትልቅ ነገር ይሆን ነበር። የባጃጅ ጉዳይ ግን አይደለም።

ኤሌክትሪክ ደግሞ ለድሬ እንግዳ አይደለም። ይህች ከተማ የተወለደችው በባቡር ነው። በእንፋሎት ጀመረ፣ ናፍጣ መጣ። አሁን ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው ባቡር በላዩ ካለው ባለ 25,000 ቮልት ሽቦ ነው የሚነዳው። ከኛ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው በኩል አይሻ ላይ የነፋስ ተርባይኖች ይዞራሉ። ኃይሉ አለ። የጎደለን ከትራንስፎርመሩ እስከ ሶኬቱ ያለው ነው፣ የሚጠግነው እጅ ነው።

ያ የመጨረሻው ነገር ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ባጃጇ ስትቆም ማን ይከፍታታል? ኮንትሮለሩ ድሬ ላይ ይገኛል? ወይስ አዲስ አበባ ተልኮ ሦስት ሳምንት ይጠበቃል? የቤንዚኑን ሞተር ማንኛውም ጋራዥ ያውቀዋል። ይህን የሚያውቁ ገና ጥቂት ናቸው። ዋስትናውን በጽሑፍ ተቀበይ። ባትሪው በስንት ጊዜ ውስጥ ከስንት ከመቶ በታች ከወረደ እንደሚቀየር ቁጥር ይኑረው። «እንነጋገራለን» የሚለው ዋስትና አይደለም። ከቻልሽ አገር ውስጥ የተገጣጠመውን ምረጪ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚገባ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የጉምሩክ ቀረጡ ዜሮ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 ከመቶ ተብሎ ነበር የወጣው። የሚገጣጥም ድርጅት ደግሞ መለዋወጫ በእጁ አለ።

እንግዲህ ያልኩሽ መለኪያ። ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ቆጣሪ አለ፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ጠይቂ። ሻጩን «አንድ ቀን ስጠኝ» በዪው። እምቢ ካለ ያ ራሱ መልስ ነው። ባጃጇን ሙሉ አድርጊያት። ወንድምሽ ሦስት ሰው ጭኖ፣ በ8 ሰዓት ፀሐይ፣ ከሳቢያን ከፊራ፣ ከከፊራ ለገሀር፣ እንደ ሥራ ቀኑ ይንዳት። 20 ከመቶ ስትደርስ ያቁማት፣ ኪሎ ሜትሩን ይጻፈው። ከዚያ በቆጣሪው በኩል ሰክታችሁ እስክትሞላ ጠብቁ። የወጣውን ኪሎዋት ሰዓት ለኪሎ ሜትሩ አካፍዪው። ከ80 እስከ 90 ዋት ሰዓት ከመጣ ጤነኛ ነው፤ የቻርጀሩ ብክነት ተጨምሮበት ነውና። ከ100 በላይ ከሆነ የሆነ ነገር አለ። የሞላችው ጠቅላላ ደግሞ 5.5 ገደማ መሆን አለበት። 3.5 ላይ ሞልታ ካቆመች ባትሪው የተጻፈበትን አይደለም።

ከገዛሽ በኋላ በየቀኑ ከገቢው ላይ የባትሪ እቁብ አውጪ። በቤንዚን ጊዜ ለማደያው ትሰጪው የነበረውን ልዩነት በሙሉ አትብዪው። ግማሹን ለቀጣዩ ባትሪ አስቀምጪ። ብዙ ጥሩ ባጃጆች ቆመው የቀሩት ተበላሽተው አይደለም፤ ባትሪያቸው አልቆ፣ መቀየሪያ ገንዘብ ጠፍቶ ነው።

እስከዚያ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ወንድምሽ ይህን ሳምንት በቤንዚኗ ባጃጅ የሄደውን ኪሎ ሜትር በየቀኑ ይመዝግብ፤ ከሰዓት በኋላ ስንት ሰዓት እንደቆመም ጭምር። ላኪልኝና ስንት ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ እንደሚያስፈልግሽ ቁጭ ብለን እናሰላዋለን። ምናልባት 6 ይበቃሽ ይሆናል፣ ምናልባት 8 ትፈልጊ ይሆናል። ሁለቱ መካከል ያለው የገንዘብ ልዩነት ትንሽ አይደለም።